መሬቱ ሲርስ ምን ይሆናል? በደሴና በኮምቦልቻ ከመገንባት፣ ፍሳሽ ከመቅበርና ጓሮ ከማልማት በፊት አፈርን ስለማወቅ

ኮምቦልቻ ውስጥ ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ ጥቁር አፈር ላይ በጥር ወር የቆመ ሰው፣ መሬቱን እንደ ተሰበረ ገል ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ቀጭን ዘንግ ወደ ስንጥቁ ቢሰድ ክንድ ያህል ከገባ በኋላ ነው የሚቆምለት፤ ቁልፍ ቢወድቅበት ሳይቆፍር አያወጣውም። ያው ሰው በነሐሴ አጋማሽ ወደዚያው ቦታ ቢመለስ ስንጥቅ የሚባል ነገር አያይም። መሬቱ አብጦ ገጥሟል፣ በየእርምጃው ጭቃ እየተደራረበ ጫማውን ያከብድበታል፣ ትናንት የዘነበው ውሃም መስረጉን ትቶ ትሪ ላይ እንደ ፈሰሰ ተኝቷል። በእነዚህ ሁለት ወራት መካከል የአፈሩ ገጽ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ከፍ ብሏል። ቦታ የሚሻሻጠው ግን ብዙ ጊዜ በበጋ ነው፤ መንገዱ ደርቆ፣ መኪና እስከ ቦታው ገብቶ፣ ሻጭም ገዢም ጫማቸው ሳይቆሽሽ ስምምነቱ ያልቃል።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቤት ለመሥራት፣ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ለመቅበር ወይም ጓሮ ለማልማት ያሰበ ሰው ስለ አፈሩ ሊያነሳው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሲርስ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው የምለው ለዚህ ነው። ስለ ጥንካሬው፣ ስለ ለምነቱና ስለ ቀለሙ የሚነሱት ጥያቄዎች ከዚህ ቀጥለው ይመጣሉ። የሁለቱ ከተሞች አፈር ደርቆ ሲታይ አብዛኛው ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ የሚለወጠው ውሃ ሲያገኘው ነው። ውሃው ደግሞ አይጠፋም፤ ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፣ በልግም ሲቀናው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መሬቱን ዳግመኛ ያረሰርሰዋል።

ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ በሸለቆው ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ሁለቱንም የተሸከማቸው መሠረታዊ አለት አንድ ነው፤ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከመሬት ውስጥ ገንፍሎ የተነባበረው በሳልት፣ በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የምንለው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከዚያ በኋላ በድንጋዩ ላይ የደረሰው ነገር ነው። አንዳንዱ ባለበት እየበሰበሰ ገረጋንቲ ሆኗል። አንዳንዱ ከተራራው ፈርሶ እየተንከባለለ በየተዳፋቱ ላይ ከጭቃ ጋር ተደባልቆ ተከምሯል። የደቀቀውን ደግሞ ጎርፍና ወንዝ ወደ ሜዳው አውርደው አስተኝተውታል፤ ጥቁሩ አፈር የሚገኘውም በዚህ ዓይነቱ ሜዳማ ቦታ ነው። አንድ ሰው የገዛው ቦታ ከሦስቱ የትኛው ላይ እንዳረፈ ካወቀ የሥራውን ግማሽ ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ ችግሩ በአንድ 200 ካሬ ቦታ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊገኙ መቻላቸው ነው።

ከጥቁሩ እንጀምር። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ይህ አፈር በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። ውስጡ ያለው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች በተነባበሩ እጅግ ቀጫጭን ንጣፎች የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ መጽሐፉ ያብጣል፣ ሲወጣም ይጨመታል። ቤት ከተሠራበት በኋላ ጣጣው የሚበዛው እብጠቱ በቤቱ ሥር ሁሉ እኩል ስለማይሆን ነው። በወለሉ መካከል ያለው አፈር ፀሐይም ዝናብም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ በግድግዳው ዙሪያና በተለይም በማዕዘኖቹ ያለው ግን በየወቅቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ሽቅብ የሚሄድ ስንጥቅ፣ በክረምት አልዘጋ ብሎ በበጋ የሚላላ በር፣ ከግድግዳው የተላቀቀ የበረንዳ ደረጃ የዚሁ እንቅስቃሴ ምልክቶች ናቸው።

ብዙ ሰው «ቤቴ ቀላል ነው፣ ፎቅ የለውም፣ አፈሩ አይከብደውም» ብሎ ይጽናናል። ጥቁር አፈር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ፎቅ የሌለው ቤት ወደ ታች ከሚጫንበት ክብደት በቀላሉ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ይበልጥ የሚንገላታው ቀላሉ ቤት፣ የአጥር ግንቡና የግቢው ንጣፍ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ለዓመታት የኖረው መሠረቱ ስለጠነከረ አልነበረም፤ እንጨቱ መሬቱን ተከትሎ መተጣጠፍ ስለሚችልና የተሰነጠቀውን ምርጊት ለበዓል በሚደረግ ልቅለቃ ማደስ ስለሚቻል ነው። ብሎኬትና ሲሚንቶ ግን አይተጣጠፉም፤ ይሰነጠቃሉ።

የተለመደው መፍትሔ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ነው፤ ጥሩ መፍትሔም ነው፣ ነገር ግን በብዙ ቦታ ሲበላሽ ይታያል። የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር ተከቦ ሳለ ውስጡ ልል ጠጠርና አሸዋ ቢሞላበት፣ የተሠራው ከቤቱ ሥር ያለ የውሃ ገንዳ ነው። የጣሪያውና የግቢው ዝናብ ተሰብስቦ እዚያ ይገባል፣ መውጫም ስለሌለው ከሥርና ከዳር ያለውን ጥቁር አፈር ዓመቱን ሙሉ ያጠጣዋል። ሙሌቱ የማያብጥ ከመሆኑ በተጨማሪ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበትና እየተጠቀጠቀ ሊሞላ ይገባዋል፤ በመጨረሻም በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ሊኖረው ያስፈልጋል። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ጥቁር አፈር ላይ ቅንጦት ጎደለ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ መሠረቱን በየዓመቱ የሚያጠጣ ነው። ባሕር ዛፍም እንደዚሁ፤ ሥሩ በበጋ የሚመጠው ውሃ አፈሩን ስለሚያኮማትረው ሲያድግ ከሚኖረው ቁመት ባላነሰ ርቀት ከቤት ቢርቅ ይመረጣል።

ወደ ደሴ ሽቅብ ስንወጣ ጥያቄው ያው ሆኖ መልኩ ይለወጣል። እዚህ ዋናው ስጋት የአፈሩ ማበጥ ሳይሆን መንሸራተቱ ነው። የደሴ ዙሪያና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ለመሬት መንሸራተትና ለድንጋይ ናዳ የተጋለጡ መሆናቸውን የአካባቢው ሰው በክረምት መንገድ ሲዘጋበት ያውቀዋል፤ በጂኦሎጂ ባለሙያዎችም ተደጋግሞ የተጠና ጉዳይ ነው። ተዳፋት ላይ የተከመረ የድንጋይና የጭቃ ድብልቅ በደረቅ ወቅት በራሱ ሰበቃ ተያይዞ ይቆማል። ዝናቡ ሲበረታ ውሃው በልሉ ክምር ውስጥ ሰርጎ ከሥር ካለው አለት ወይም ድፍን ሸክላ ሲደርስ ማለፍ ስለሚያቅተው በመገናኛው ላይ ይጠራቀማል፣ ክምሩንም ከሥሩ በጥቂቱ ያንሳፍፈዋል። ክብደቱ በውሃው ጨምሯል፣ የሚይዘው ሰበቃ ግን ቀንሷል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ለመኪና ማቆሚያ ብሎ የተዳፋቱን ግርጌ ቢቆርጥ፣ ወይም ከላይ ያለው ጎረቤት የቁፋሮ አፈሩን ጫፉ ላይ ቢከምር ሚዛኑ ሊፈርስ ይችላል።

በዚሁ ተዳፋት ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት አለ። አንድ የማውቀው ሰው መሠረት ሲያስቆፍር በሁለተኛው ቀን ቆፋሪው ድጅኖውን አስደግፎ «ጋሼ፣ አለት ደርሰናል፤ ይብቃው» አለው። ድጅኖው እውነትም ድንጋይ ላይ ነበር፤ ሲመታ እሳት ይተፋል። ለማረጋገጥ በድንጋዩ ዙሪያ ሲቆፈር ግን ከጠረጴዛ ብዙ ያልበለጠ፣ ከተራራው ተንከባሎ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ እርጥብ ቡናማ አፈር ነበር። በዚያ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ የነበረው አምድ ከሌሎቹ ጋር እኩል ስለማይሰምጥ ቤቱ ከዚያች ማዕዘን ጀምሮ በተሰነጠቀ ነበር። ስለዚህ ደሴ ላይ «አለት ደረስን» የሚለው ቃል የሚታመነው ድንጋዩ በአንድ ጉድጓድ ሳይሆን በበርካታ ጉድጓዶች በተቀራረበ ጥልቀት ሲገኝና ዳርቻው ሲታጣ ነው።

ሌላው የተዳፋት ጣጣ ቆርጦ መሙላት ነው። ቦታውን ለማስተካከል የላይኛው ግማሽ ይቆረጥና የተቆረጠው አፈር በታችኛው ግማሽ ላይ ይሞላል፤ ቤቱም ግማሹ በነባር መሬት፣ ግማሹ ባልተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ ይቀመጣል። ሙሌቱ በመጀመሪያዎቹ ክረምቶች ውሃ ሲጠጣ ይወርዳል፣ ነባሩ አይወርድም፤ ስንጥቁም በሁለቱ ድንበር ልክ እንደ ክር ተስቦ ይወጣል። ሙሌት የግድ ከሆነ አምዶቹ ሙሌቱን አልፈው ነባሩን መሬት መርገጥ አለባቸው። የድጋፍ ግንብም ቢሆን የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከአፈሩ ክብደት ይልቅ ከጀርባው በታሰረ ውሃ ነው፤ በግንቡ ላይ የውሃ ማስወጫ ቱቦ ካልተተወለትና ከጀርባው ጠጠር ካልተሞላለት፣ በግንቡ ላይ የሚወጣው ሲሚንቶ ሁሉ ግድብ ለመሥራት የዋለ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥንም በዚሁ ማንሳት ይገባል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ማጀቴን ያወደመውና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው መንቀጥቀጥ የተነሣው ሁለቱም ከተሞቻችን ካሉበት የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ልል፣ ጥልቅና ውሃ የጠገበ አፈር መንቀጥቀጡን ያጎላዋል፤ በውሃ የረሰረሰ ተዳፋትም በትንሽ ንቅናቄ ሊንሸራተት ይችላል። ቤት ሊፈርስ የሚችለው በመንቀጥቀጡ መጠን ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ይህ ይበቃል።

አንድን ቦታ ገንዘብ ሳያወጡ ማንበብ ይቻላል። በተዳፋቱ ላይ ያሉት ዛፎች ግንዳቸው ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ የተቃና ከሆነ መሬቱ በዝግታ እየተጓዘ ነው፤ ዛፉ ሲያዘነብል ራሱን እያቃና ነው ያደገው። ያዘነበሉ የመብራት ምሰሶዎች፣ መስመሩ የተጣመመ አጥር፣ አስፋልት ላይ የሚታይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅም ያንኑ ይናገራሉ። ቄጠማና ደንገል በበጋም ሳይደርቁ ከታዩ ውሃው ቅርብ ነው። የቦታ ስምም ይመሰክራል፤ «ጨፌ» ወይም «ምንጭ» የሚል ስም ያለበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። የጎረቤት ግድግዳ ግን ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው። አምስት ዓመት የሞላውን የቅርብ ቤት ዙሩት፣ ባለቤቱንም በር በክረምት ይከብደው እንደሆነ ጠይቁት፤ ቀለም የተቀባ ስንጥቅ ካያችሁ ቀለሙ የተቀባው መቼ እንደሆነ መጠየቅም አይከፋም።

ከዚህ በኋላ መቆፈር ነው። ቢያንስ ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ በቦታው ከፍተኛ ጥግ፣ ሌላው በዝቅተኛው፣ እስከ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ጥልቀት ይቆፈር። ወቅቱ የነሐሴ መጨረሻ ወይም የመስከረም መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል፤ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው ያኔ ስለሆነ የዓመቱን ክፉ ቀን ታያላችሁ። ግድግዳው ያልተደገፈ ጉድጓድ በእርጥብ ወቅት ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚደረመስ ሰው ከወገቡ በላይ በሚሆን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መቆም የለበትም፤ የወጣውን አፈር በየግማሽ ሜትሩ ለይቶ መሬት ላይ በተርታ መደርደር ከላይ ሆኖ ለማየት ያስችላል። ጉድጓዱ ሌሊቱን ተከድኖ ይደር፤ ጠዋት ውሃ ከሥሩ ካቆረ ጥልቀቱ ተለክቶ ይጻፍ። ፕላስቲክ፣ ጨርቅ፣ የተሰበረ ሸክላ ወይም አመድ ከወጣ ያ መሬት ሙሌት ነው፤ ማን እንደሞላውና ምን እንደነበረ ማጣራት ይገባል።

አፈሩን በእጅ መፈተን የሚመስለውን ያህል ተራ ነገር አይደለም፤ ባለሙያዎችም በመስክ ያደርጉታል። ጭብጥ አፈር በጥቂት ውሃ አሽታችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እንደ ጥብጣብ ግፉት። ሳይበጠስ አምስት ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወጣ ሸክላነቱ ከባድ ነው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሳይሞላ ከተቆረጠ ለስላሳና ቀላል ነው፤ ጭራሽ ካልተያያዘ አሸዋ ነው። ሁለተኛው ሙከራ የብርጭቆ ማሰሮ ነው፤ አንድ ሦስተኛውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ አድርጋችሁ በኃይል ከናጣችሁት በኋላ አስቀምጡት። በአንድ ደቂቃ ገደማ የሚዘቅጠው አሸዋ ነው፣ በቀጣዮቹ ሁለት ሰዓታት የሚተኛው ደለል ነው፣ ውሃውን ቀኑን ሙሉ አደፍርሶ የሚያውለው ሸክላ ነው። ሦስተኛው እብጠትን የሚያሳይ ነው፤ ደርቆ ተፈጭቶ የተነፋ አፈር 10 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ፣ ልኬት ባለው ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ላይ በዝግታ አፍስሳችሁ አሳድሩት። በማግስቱ የተኛው አፈር ከ15 ሚሊ ሊትር ካለፈ መጠርጠር፣ 20 ከደረሰ ደግሞ ያለ መሐንዲስ አንድ ድንጋይ አለማኖር ነው።

እነዚህ ሙከራዎች የላቦራቶሪን ምርመራ አይተኩም፤ ለላቦራቶሪው ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ይነግሯችኋል። የምርመራው ውጤት የሚመጣው በኪሎፓስካል ነው፤ 100 ኪሎፓስካል ማለት አንድ ካሬ ሜትር መሬት 10 ቶን ገደማ መሸከም ይችላል ማለት ነው። ለስላሳ ሸክላ ከ75 በታች፣ ጠንከር ያለ ሸክላ ከ75 እስከ 150፣ ደረቅና ጠንካራ ሸክላ እስከ 300፣ መካከለኛ ጥቅጥቅነት ያለው የጠጠር ክምችት ከ200 እስከ 600 ይሸከማሉ፤ ያልበሰበሰ በሳልት ከእነዚህ ሁሉ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቁጥሩ በኪስ ላይ ያለው ትርጉም ቀላል ነው። አንድ አምድ 40 ቶን ቢሸከምና አፈሩ 100 ኪሎፓስካል ቢሆን የአምዱ እግር 4 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር መሆን አለበት፤ አፈሩ 250 ቢሆን ግን 1.6 ካሬ ሜትር፣ በየጎኑ አንድ ሜትር ከሩብ ገደማ ይበቃል። ምርመራውን ትታችሁ የጎረቤትን ፕላን ብትገለብጡ፣ ወይ ለማያስፈልግ ብረትና ሲሚንቶ ትከፍላላችሁ ወይ የሚያስፈልገውን ታጎድላላችሁ። የጥቁር አፈርን ማበጥ ግን የመሸከም አቅም ብቻውን አያሳይም፤ ደርቆ ሲለካ 300 የሚሸከም አፈር በክረምት ቤት ሊያነሣ ይችላል። የፈሳሽነት ወሰን (አፈሩ እንደ ፈሳሽ መፍሰስ የሚጀምርበት የውሃ መጠን) እና የእብጠት ምርመራ ከላቦራቶሪው ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ በስም መጠቀስ አለባቸው የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ቤቱን ከጨረሰ በኋላ ወደሚያስታውሰው ነገር እንምጣ። ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽን አያጠፋም፤ ቢያንስ ለአንድ ቀን ያህል ያሳርፈዋል፣ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ በመካከል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይሄዳል። ያ ውሃ አሁንም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የተሸከመ ነው፤ የሚያጸዳው በአፈሩ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያደርገው ጉዞ ነው። ስለዚህ ማስረጊያው በሁለት መንገድ ሊበላሽ ይችላል። አፈሩ ፈጽሞ ካላሰረገ ፍሳሹ ወደ ላይ ይመለሳል፤ እንደ ጠጠር ክምችትና እንደ ተሰነጣጠቀ አለት እጅግ በፍጥነት ካሰረገ ደግሞ ሳይጸዳ የጎረቤት ውሃ ጉድጓድ ይደርሳል። ሁለተኛው ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይቆያል፣ አደገኛነቱም በዚያው ልክ ነው።

የመስረግ ሙከራ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ማስረጊያው በሚሆንበት ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ግድግዳውን ፈቅፍቁ፣ ከሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ጠጠር ጨምሩና ውሃ እየሞላችሁ አሳድሩት። አፈሩ ውሃ ጠግቦ ካደረ በኋላ ብቻ የሚለካው ቁጥር ይታመናል፤ በበጋ የደረቀ ጥቁር አፈር በስንጥቁ በኩል ውሃን ስለሚውጥ አንድ ባልዲ ደፍቶ «ይሰርጋል» የሚል ሰው ተታልሏል። በማግስቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሙሉና በ30 ደቂቃ ምን ያህል እንደወረደ ለኩ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ ተራ ማስረጊያ ጉድጓድ አይሠራም።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር ቢያፈስ በቀን 300 ሊትር ነው። አሸዋና ደለል የተቀላቀለበት መካከለኛ አፈር በካሬ ሜትር የጉድጓድ ግድግዳ በቀን 25 ሊትር ገደማ ያሰርጋል፤ ስለዚህ 12 ካሬ ሜትር ግድግዳ ያስፈልጋል፣ ይህም አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ባለው ክብ ጉድጓድ ከቱቦው መግቢያ በታች ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ነው። የጉድጓዱ ወለል በጭቃ ስለሚደፈን አይቆጠርም። የማያብጥ ድፍን ሸክላ 10 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚያሰርግ ያው ቤተሰብ 30 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ በዚያው ስፋት ጥልቀቱ ከስድስት ሜትር ያልፋል። ጥቁሩ የሚያብጥ አፈር ከዚያም በታች ነው። እዚያ ላይ ጉድጓዱን ማጥለቅ ጥቅም የለውም፤ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ብቻ ያቀርባል። የሚሻለው ፍሳሹን ከመሬት በላይ በተደለደለ የአሸዋ አፈር ውስጥ በጥልቀት ሳይሆን በስፋት ማሰራጨት፣ አለበለዚያም ውሃ በማያሳልፍ ታንክ አጠራቅሞ በመምጠጫ መኪና ማስወሰድ ነው። የማስረጊያው ወለል ከክረምት የውሃ ከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቢቻል ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ደግሞ 30 ሜትር።

በኮምቦልቻ ሜዳ የፕላስቲክ ታንከር ለሚቀብሩ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ሦስት ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር በውሃ በተሞላ መሬት ውስጥ ባዶውን ሲሆን ሦስት ቶን ያህል ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ያርፍበታል። በነሐሴ አስመጥጣችሁ ባዶ ከተዋችሁት ቱቦውን ገንጥሎ ብቅ ሊል ይችላል፤ ከሥሩ ኮንክሪት ካልታሰረ ማስመጠጡ ለበጋ ይቆይ። በደሴ ደግሞ ችግሩ መንገዱ ነው። ታንኩ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መመጠጥ ካለበት መኪናው የት እንደሚቆምና ቱቦው እስከ የት እንደሚደርስ ከቁፋሮው በፊት ይለካ፤ ቁልቁል በሆነ ቀጭን ኮሪደር መጨረሻ የተቀበረ ታንክ ሲሞላ የሚወጣው በባልዲ ነው።

ተዳፋት ላይ የሚቀበር ማስረጊያ የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። አንድ ክረምት ከአንድ ግቢ የድጋፍ ግንብ ላይ፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ ዝናብ ባቆመ በሦስተኛው ቀንም የማይደርቅ ጥቁር አረንጓዴ እርጥበት አየሁ፤ ጠጋ ሲሉት ይሸታል። የላይኛው ግቢ ማስረጊያ ከግንቡ ጀርባ አራት ሜትር ላይ ነበር። የላይኛው ባለቤት ጉድጓዱ ሞልቶ ስለማያውቅ በሥራው ይኮራ ነበር፤ ያልሞላው ግን በታችኛው ግንብ በኩል ስለሚወጣ ነው። ያ ውሃ ከሽታው በላይ የሚያሳስበው፣ ቀደም ብዬ የገለጽኩትን በተዳፋት ሥር የሚጠራቀም ውሃ በየቀኑ 300 ሊትር እየጨመረ፣ ክረምት ሳይጠብቅ ስለሚመግበው ነው። ከገደል ጫፍ፣ ከድጋፍ ግንብና ከተቆረጠ መሬት አጠገብ ማስረጊያ መቆፈር የለበትም፤ ሌላ ቦታ ከጠፋ ውሃ በማያሳልፍ ታንክ ማጠራቀሙ ይሻላል።

ስለ ጓሮው በአጭሩ እናልፋለን፤ ቤትን የሚያስቸግረው አፈር ለተክል ብዙ ጊዜ ደግ ነውና። ጥቁሩ አፈር እርጥበትና ንጥረ ነገር አጥብቆ ይይዛል፤ የጎደለው አየር ነው። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ ተክሎ በመደቦቹ መካከል ውሃውን ማፋሰስ አብዛኛውን ችግር ይፈታል። ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆም የማይችለው አቮካዶ በጉብታ ላይ ይተከል፤ ካሮትና ድንች ልል አፈርና ብስባሽ ይፈልጋሉ። ረጥቦ የሚጣበቅን ጥቁር አፈር መቆፈር ደርቆ ጓል እንዲሆን መጋበዝ ነው፤ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈርበትን ጥቂት ቀን መጠበቅ ነው። አመድና ኖራ መበተን የሚጠቅመው አሲዳማ አፈርን ነው፤ የሜዳው ጥቁር አፈር ግን ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ ሳያስመረምሩ መበተን ጥቅም የለውም። ለማስመርመር ከጓሮው ከ10 እስከ 15 ቦታዎች፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስዶ ማደባለቅና ከድብልቁ አንድ ኪሎ ያህል በንጹሕ ከረጢት መላክ ይበቃል። በማስረጊያው ዙሪያ ሰላጣና ካሮት አይተከሉ፤ ሣር ይሁን።

አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች «ግቢያችን ምንም አያበቅልም» ሲሉ አፈሩን ያማሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ሌላ ነው፤ የመሠረቱ ቁፋሮ ሲጀመር ለምነቱን የያዘው የላይኛው 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ከሥር ከወጣው ጋር ተደባልቆ ተጭኖ ሄዷል፣ ወይም ከሥሩ ተቀብሮ በላዩ ላይ ኮንክሪት ተቦክቶበታል። ቁፋሮው በሚጀመርበት ቀን ጠዋት፣ ቀን ሠራተኞቹ ገና ድጅኖ ሳያነሡ፣ ያን የላይኛውን አፈር አስገፍፋችሁ ሲሚንቶ ከሚቦካበት ሽቅብ ባለው ጥግ አስከምሩት፤ ክምሩ ከሰው ቁመት አይብለጥ፣ ጎርፍ እንዳይወስደውም ሣር ወይም ገለባ ይልበስ። ቤቱ አልቆ የተረፈው ጠጠርና ቁርጥራጭ ብሎኬት ተለቅሞ ሲያበቃ መልሳችሁ አልብሱት።